የፊልም ፍንዳታ ምን ያህል እውነት ነው?

በጎጃም፣ በፈረስ ቤትም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በደምበጫ ቪዲዮ ቤት እየገባ ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት በቃሉ ያውቀዋል። ጀግናው ሕንፃውን ለቆ ይወጣል። ከኋላው ብርቱካንማ እሳት ይንቦገቦጋል፣ ጥቁር ጢስ እየተጥመለመለ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ድምፁም ከእሳቱ ጋር እኩል ያስተጋባል። ጀግናው ዘወር ብሎ እንኳ አያይም። አለዚያም ይሮጣል፤ እሳቱ ይከተለዋል፤ ሊደርስበት ሲል ይዘላል፤ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይወድቃል፤ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፍና መንገዱን ይቀጥላል። ከራምቦና ከኮማንዶ ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ የመኪና ውድድር ፊልሞች ድረስ ፍንዳታ ማለት ይህ ሆኖ ቀርቦልናል።

ከዚህ አጠገብ ሌላ ምስል እናስቀምጥ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ተወርውሮ ነበር። ሰልፉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ብዙ ሰው በዓይኑ አይቷል። የታየው ጥቂት ጢስና የሚተራመስ ሕዝብ ነው። የእሳት ኳስ አልነበረም። ሆኖም 2 ሰዎች ሞቱ፣ ከ150 በላይ ሰዎችም ቆሰሉ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብዙ እሳት አይተን ማንም አልተጎዳም፤ አደባባዩ ላይ እሳት ሳይታይ ሰው ሞተ። የፊልም ፍንዳታን ከእውነተኛው ስናመዛዝን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፊልም ዓይናችን እሳት ላይ እንዲተከል አስለምዶታል። በእውነተኛ ፍንዳታ ሰውን የሚገድለው ግን በአብዛኛው ዓይን የማያየው ነው፤ የአየሩ ግፊትና ፍንጣሪው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጉልበትንና ፍጥነትን መለየት ያስፈልጋል። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ አንድ ኪሎው ሲፈነዳ የሚለቀው ጉልበት በስምምነት 1,000 ኪሎ ካሎሪ ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ኪሎ የዳሞት ቅቤ ከ7,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለው። በጉልበት ብቻ ከሆነ ቅቤው ቲኤንቲውን ሰባት እጥፍ ይበልጠዋል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። ሰውነታችን የቅቤውን ጉልበት በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ያወጣዋል፤ በቲኤንቲ ውስጥ ግን ፍንዳታው በሰከንድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ያልፋል። ያ ሁሉ ጉልበት ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ወጥቶ ያልቃል፤ ዙሪያውን ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ አያገኝምና እንደ ግድግዳ ተጨፍልቆ ወደ ውጭ ይወነጨፋል።

ቤንዚን ከዚህ ይለያል። በኪሎ ከቲኤንቲ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት አለው፤ ግን የሚነድበትን ኦክስጅን በውስጡ አልያዘም፣ ከአየር መፈለግ አለበት። ስለዚህ የሚነደው ከዳር ወደ መሐል፣ አየር እያገኘ፣ በዝግታ ነው። ሳይነድ የቀረው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ሲግል ያ የምንወደው ብርቱካንማ ቀለም ይፈጠራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥቁሩ ጢስ ይሆናል። በፊልም የምናየው ፍንዳታ በአብዛኛው ይህ ነው። የፊልም ባለሙያዎች ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ በዕቃ ያዘጋጁና በጥቂት ባሩድ ወይም ፈንጂ ወደ ላይ ይበትኑታል፤ የተበተነውም አየር ላይ ይቀጣጠላል። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ ትልቅ ቃጠሎ ነው።

አንድ ምሳሌ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ስፔክተር፣ በሞሮኮ ኤርፉድ አካባቢ ባለ በረሃ ላይ ያደረገው ፍንዳታ በፊልም ታሪክ ትልቁ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። ለዚህ 8,418 ሊትር ነጭ ጋዝ ነድዷል፤ መጠኑም ከ68 ቶን ቲኤንቲ በላይ ጋር ይመጣጠናል ተባለ። ሒሳቡን ብንሠራው 8,418 ሊትር ነጭ ጋዝ ወደ 6,700 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዱ ኪሎ ከ10,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስላለው ድምሩ በእርግጥም ወደ 69 ቶን ቲኤንቲ ይጠጋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚለካው ግን የነዳጁን የቃጠሎ ጉልበት ብቻ ነው። ተዋንያኑ ቆመው እያዩት ነበር፣ ምንም አልሆኑም። በዚያ ፈንታ 69 ቶን ቲኤንቲ ቢሆን ኖሮ ካሜራውም፣ ተዋናዩም፣ የድምፅ ባለሙያውም ቦታው ላይ አይገኙም ነበር።

በዚህ የፊልም ሠሪዎችን መውቀስ አይገባም። ቤንዚን የሚመርጡበት ምክንያት በቂ ነው፤ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊተርፍ ይችላል። እንዲያም ሆኖ አደጋ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1982 በአሜሪካ ትዋይላይት ዞን የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ለትዕይንቱ የተዘጋጀው ፍንዳታ ዝቅ ብላ ትበር የነበረችን ሄሊኮፕተር መትቶ ጣላት፤ ተዋናዩ ቪክ ሞሮውና አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሕፃናት ሞቱ።

ቤንዚን የሚመረጥበት ሌላው ምክንያት ካሜራው ነው። የፊልም ካሜራ በሰከንድ 24 ሥዕል ያነሣል። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ የሰከንድ ሃያ አራተኛ እጅ ነው። እውነተኛ ፈንጂ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈንድቶ አልቋል፤ የግፊት ሞገዱም ከ14 ሜትር በላይ ርቋል። ስለዚህ እውነተኛ ፈንጂ ቢቀረጽ የሚታየው በአንድ ሥዕል ላይ ብልጭታ፣ ከዚያ ወዲያ አቧራና ግራጫ ጢስ ነው። በምዕራብ ጎጃም መንገድ ሲሠራ ካባ ላይ ድንጋይ ሲፈነዳ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቋጥኙ በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ድማሚቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በአፈር ይደፈናል፣ ሰውና ከብት እንዲርቅ ይደረጋል። ከዚያ መሬቱ ከሆዱ ተነሥቶ ያብጣል፤ ድንጋዩ ተሰነጣጥቆ ይናዳል፤ ነጭ አቧራ ይሸፍነዋል። ድምፁ እግር ሥር ይሰማል። እሳት የለም። ከቋጥኙ ይልቅ እሳቱን ለማየት የጓጓ ልጅ ቅር ብሎት ይመለሳል፤ ያየው ግን ከማንኛውም የአክሽን ፊልም የበለጠ እውነተኛ ፍንዳታ ነው።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ጀግናው ከፍንዳታ ሮጦ ማምለጥ ይችላል? ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በሄንጌሎ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሲሮጥ፣ 16 ዓመት ያልተደፈረው ክብረ ወሰን ማለት ነው፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.6 ሜትር ነበር። ዩሴን ቦልት በበርሊን የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ነው። የግፊት ሞገድ ቢዘገይ ቢዘገይ በድምፅ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል። ፈንጂው አጠገብ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይፈጥናል። የቦምብ ፍንጣሪ በሰከንድ ከ1,000 ሜትር በላይ ሊወነጨፍ ይችላል። ስለዚህ ከፈንጂ የሚሮጥ ሰው የለም፤ የሚደበቅ ሰው ብቻ ነው ያለው። ከቤንዚን እሳት ኳስ ግን፣ በቂ ርቀት ላይ ካለ፣ ሰው ሊያመልጥ ይችላል። እሳቱ ጥቂት ሜትር ሰፍቶ ወደ ላይ ይነሣል፣ በጥቂት ሰከንድም ይጠፋል። ፊልሙ በዚህ አልዋሸም፤ ስሙን ፍንዳታ ማለቱ ነው ያሳሳተን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የድምፁ ነገር ነው። በፊልም ብልጭታውና ድምፁ ሁልጊዜ እኩል ይመጣሉ፤ ተራራ ማዶ የፈነዳም ቢሆን። የደጋ ዳሞት ሰው ይህ ስሕተት መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በክረምት በጮቄ ተራራ በኩል መብረቅ ሲብለጨለጭ ነጎድጓዱ ቆይቶ ይመጣል። ከሸለቆ ማዶ ባለ መንደር ሰርግ ላይ ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚወጣው ጢስ አስቀድሞ ይታያል፣ ጠመንጃው የሚጮኸው በኋላ ነው። ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ወርዶ እንደገና ሲነሣ ነው ድምፁ የሚደርሰን። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ብርዳማ በሆነው የፈረስ ቤት አየር ትንሽ ይዘገያል፣ በሞቃታማው የዓባይ ሸለቆ ትንሽ ይፈጥናል፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነውና።

ይህ መዘግየት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ ከሕዋ የመጣ ድንጋይ አየር ላይ ፈነዳ። ከፀሐይ የበለጠ ብርሃን ታየ። ሰዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሮጡ። ድምፅ አልነበረምና አለቀ ብለው አሰቡ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ የግፊት ሞገዱ ሲደርስ መስኮቶቹ ረገፉ፤ 1,500 ያህል ሰዎች ተጎዱ፣ አብዛኞቹን የቆረጣቸው መስታወት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤሩት ወደብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ሲፈነዳ፣ አስቀድሞ የተነሣውን ቃጠሎ ከሰገነትና ከመስኮት ሆነው በስልካቸው ይቀርጹ የነበሩ ብዙ ነበሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ቪዲዮዎች ስለ ፍንዳታ ከየትኛውም ፊልም የበለጠ ያስተምራሉ። ቀይ ቡናማ ጢስ አለ፤ ከዚያ ነጭ ደመና እንደ ጉልላት ተወጥሮ በቅጽበት ይስፋፋል። ነጩ ደመና ከሞገዱ ኋላ የአየሩ ግፊት ሲወርድ የባሕሩ እርጥበት የፈጠረው ጉም ነው። በደረቁ የበጋ አየራችን ቢሆን ጉሙም አይታይም ነበር። የቀረጸው ሰው ከእሳቱ ርቄያለሁ ብሎ ቆሟል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ስልኩ ከእጁ ይወድቃል።

ብልጭታ ካየን ሰከንዶቹ የእኛ ናቸው። ከመስኮት መራቅ፣ መሬት ላይ በልብ መተኛት፣ አፍን ከፈት አድርጎ ጆሮን መሸፈን፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ ሦስትና አራት ሰከንድ ይበቃል። ፊልሙ ግን ብልጭታውንና ድምፁን እኩል እያሳየ እነዚያ ሰከንዶች መኖራቸውን አስረስቶናል።

ጉዳቱ ራሱስ? በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በእኛ ደጋ ከዚያ ሦስት አራተኛው ገደማ። በዚህ ላይ ጥቂት ኪሎ ፓስካል ድንገት ቢጨመር የመስኮት መስታወት ይሰበራል። 35 ኪሎ ፓስካል አካባቢ የጆሮ ታምቡር መቀደድ ይጀምራል። 100 አካባቢ ሳንባ ይጎዳል፤ ውስጡ ይደማል፣ ውጭው ግን ቁስል ላይታይበት ይችላል። ከፍንዳታ ተርፎ ቆሞ ሲያወራ የነበረ ሰው ከሰዓታት በኋላ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በፊልም ፍንዳታው ሰውን አምስትና ስድስት ሜትር ወርውሮ ይጥለዋል፤ እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይነሣል። ተዋናዩን የሚወረውረው የታሰረበት ገመድ ወይም ከእግሩ ሥር ያለ ማስፈንጠሪያ ነው። እውነተኛ ሞገድ በሰው ላይ የሚያልፈው በጥቂት ሺኛ ሰከንድ ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ ሰውን ያን ያህል የሚያርቅ ከሆነ ሳንባውን አስቀድሞ ጨርሶታል።

መከለያም እንዲሁ። ጀግናው ከእንጨት ጠረጴዛ ወይም ከመኪና በር ኋላ ይደበቃል። ሞገዱ ጥግ ዞሮ ይመጣል፤ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዕዘን ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ ካለው በባሰ ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ከጭቃና ከባሕር ዛፍ የተሠራ ቆርቆሮ ክዳን ቤት መስታወት ባይበዛበትም፣ ቆርቆሮው ከነምስማሩ ተነቅሎ ይበራል፣ ግድግዳው በሰው ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ርቀት ትልቅ ጠባቂ ነው። አንድ ዓይነት ጉዳት በእጥፍ ርቀት ላይ እንዲደርስ ፈንጂው ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። ጥቂት ሜትር መራቅና ጉድጓድ ውስጥ መተኛት ከጠረጴዛ ይሻላል።

አዲስ አበቤዎች የርቀትን ነገር በከባዱ ተምረዋል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ ከተማዋን በያዘ በሳምንቱ፣ ንፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። መጀመሪያ ቃጠሎ ነበር፤ ቀጥሎ የተከማቸው የጠመንጃና የመድፍ ጥይት በየተራ እየፈነዳ ወደየአቅጣጫው ተወነጨፈ። የ1977ን ረሃብ ከኮረም ለዓለም ያሳየው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ። በሙያቸው ጦርነት ያዩ ሰዎች ነበሩ። የጥይት መጋዘን ቃጠሎ እንደ ፊልም አንድ ጊዜ ፈንድቶ አያበቃም፤ ጸጥ ካለ በኋላም ሊፈነዳ ይችላል።

ቅርብ ጊዜም ይህ ነገር ከደጃችን አልራቀም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ከአየር እንደተፈጸመ በተነገረ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ከሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘግበዋል። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል የሚያድግ ልጅ ፍንዳታን ከቪዲዮ ቤት ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ጦርነት ባለፈበት ማሳ ላይ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ይቀራል። በፊልም ቦምብ የሚፈነዳው ቀዩ ሰዓት ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው፤ ማሳ ላይ ያለው ግን ሰዓት የለውም፣ አይጮኽም፣ ዝጎ ድንጋይ መስሎ ይተኛል። ሳይፈነዳ ቀርቷልና ሞቷል ማለት አይቻልም። እረኛ ልጅ እንዳይነካው፣ እንዳይወረውረው፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለአዋቂ እንዲናገር ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

የመኪና ፍንዳታ ከሁሉ ይበልጥ የተጋነነው ነው። አይሱዙ ገደል ገብቶ ሳያርፍ ሲፈነዳ ስንት ጊዜ አይተናል። አይሱዙ የሚነዳው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በክብሪት እንኳ በቀላሉ አይያዝም። ቤንዚንም ቢሆን ፈሳሹ አይፈነዳም፤ የሚፈነዳው ተኑ ነው፤ ያውም በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብቻ። ከዚያ ቢያንስ አይነድም፣ ቢበዛም አይነድም። በጥይት የተመታ ሙሉ ታንከር የሚያደርገው ማፍሰስ ነው። የተጋጨ መኪና እሳት ሊነሣበት ይችላል፤ ያ እሳት ግን ብዙ ጊዜ ከትንሽ ተነሥቶ ያድጋል፣ ተሳፋሪ ለማውጣት ደቂቃዎች ይኖራሉ። ይፈነዳል በሚል ፍርሃት የተጎዳን ሰው ጥሎ መሸሽ ፊልም ያስተማረን ክፉ ልማድ ነው።

እውነተኛው አደጋ ፊልም በማያሳየው በኩል ይመጣል። ባዶ በርሜል ወይም ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተመጣጥኖ ተቀላቅሏልና። ብየዳ ቤት ውስጥ ሳያጥቡ የሚበየድ በርሜል ሰው የሚገድለው ለዚህ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ በየከተማው ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ እየተሞላ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ለባጃጅ ይሸጣል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ምድጃው ሌላ ክፍል ቢሆን እንኳ ያገኘዋል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ቤንዚን ከተቀላቀለ ኩራዙ ራሱ ፈንጂ ይሆናል። ቦቴ ተገልብጦ ሲፈስ ዕቃ ይዞ የሚሮጥ ሕዝብ እሳት የለም ብሎ ነው የሚቀርበው። እ.ኤ.አ. በ2017 በፓኪስታን ባሃዋልፑር በዚህ መንገድ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ብዙው ዘመናዊ የጦር ፈንጂ በጥይት ተመትቶ ወይም እሳት ነክቶት ብቻ በቀላሉ አይፈነዳም፣ ማቀጣጠያ ይፈልጋል፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ሽቦ መምረጥ የደራሲ ፈጠራ ነው። የእጅ ቦምብ ቤት አያቃጥልም፤ ፍንጣሪው ግን 15 ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ያቆስላል። በሕዋ አየር ስለሌለ ድምፅም የግፊት ሞገድም የለም።

በትክክል የሠሩትን ማመስገን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በኋላ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ያገኘው ዘ ኸርት ሎከር የመጀመሪያውን ፍንዳታ በፈጣን ካሜራ አሳይቷል። መሬቱ ላይ ያለው ጠጠርና አቧራ ከፍ ይላል፣ ከአሮጌ መኪና ላይ ዝገቱ ይረግፋል፣ ጢሱ ግራጫና ቡናማ ነው። ግፊቱን ራሱን በነካው ነገር በኩል አየነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኦፐንሃይመር ደግሞ የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሐምሌ 16 ቀን 1945 ሲሞከር ብርሃኑን አሳይቶ ድምፁን አዘግይቷል። በእውነቱም 16 ኪሎ ሜትር ርቀው ለነበሩት ሞገዱ የደረሳቸው ከ40 ሰከንድ በኋላ ነው። ከእነሱ አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ ነበር። ሞገዱ ሲመጣ የወረቀት ቁራጮች ከእጁ ለቀቀ፤ ወረቀቶቹ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተገፍተው ወደቁ፤ ከዚያም ተነሥቶ የቦምቡን ኃይል 10,000 ቶን ቲኤንቲ ብሎ ገመተ። በኋላ የተለካው ከዚያ ሁለት እጥፍ ገደማ ቢሆንም፣ በቁራጭ ወረቀት የተደረገ ግምት ነውና ያስደንቃል። እሳቱ ዓይን ሲያሳውር እሱ የለካው አየሩን ነው።

የእኛ ፊልም ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ፍንዳታውን ከኮምፒውተር አምጥተው ሥዕሉ ላይ ይለጥፉታል። እሳቱ ይነዳል፤ ሣሩ ግን አይነቃነቅም፣ የተዋናዩ ፊት ላይ ብርሃን አያርፍም፣ ነጠላው አይውለበለብም። ለዚህ ገንዘብ ያንሳል ቢባል እስማማለሁ። ድምፁን ማዘግየት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በሰከንድ 24 ሥዕል በሚሄድ ፊልም ድምፅ በአንድ ሥዕል 14 ሜትር ይጓዛል። ፍንዳታው ከሸለቆ ማዶ 700 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ኤዲተሩ ድምፁን 50 ሥዕል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሁለት ሰከንድ ጸጥታ ማለት ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ተዋናይዋ ብልጭታውን አይታ ልጇን ከመስኮት ስባ መሬት ላይ ብታስተኛው፣ ከዚያ ድምፁ ቢመጣና ቆርቆሮው ቢንቀጠቀጥ፣ ትዕይንቱ ለፊዚክሱም ለተመልካቹም ትክክል ይሆናል።